የአስማት ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ

ሆግዋርትስ የሚባል ትምህርት ቤት በምድር ላይ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። (የሃሪ ፖተርን የመጀመሪያ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰሞን የጥሪ ደብዳቤ ይዛ የምትመጣዋን የጉጉት ወፍ እኔም በሆዴ ጠብቄያት ነበር። ሳትመጣ ስትቀር ቤታችን የፖስታ ሣጥን ስለሌለው ነው ብዬ ተጽናናሁ።) ለንደን ውስጥ ግን፣ ደራሲዋ ሮውሊንግ ከመወለዷ 77 ዓመት በፊት፣ በእውን የተከፈተ የአስማት ትምህርት ቤት ነበር። ደረጃ ነበረው፤ ፈተና ነበረው፤ ፈተናውን ሳያልፉ ወደሚቀጥለው ክፍል መግባት ክልክል ነበር፤ የትምህርት መሣሪያው በትር፣ ጽዋ፣ ሰይፍና ጩቤ ነበር። እንደ ሆግዋርትስ ሁሉ የዚህም ታሪክ የሚጀምረው በደብዳቤ ነው። ልዩነቱ ደብዳቤው ፎርጅድ መሆኑ ነው።

ስሙ «ወርቃማው ንጋት» ነው፤ በእንግሊዝኛው ጎልደን ዶውን። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በማርች 1888 ለንደን ላይ «አይሲስ-ዩራኒያ» የተባለውን የመጀመሪያ ቤተ መቅደሱን ከፈተ። መሥራቾቹ ሦስት ፍሪሜሰኖች ናቸው። ዋናው ዶክተር ዊልያም ዊን ዌስትኮት ይባላል። የዌስትኮት የመንግሥት ሥራ ድንገት የሞቱ ሰዎች በምን ምክንያት እንደሞቱ ማጣራት ነበር። ቀን ቀን ማስረጃ ሲመረምር የሚውል ሰው ማለት ነው፤ ይህን ነገር ያዙልኝ። ሁለተኛው ሳሙኤል ማተርስ ነው፤ ኪሱ ባዶ፣ ጭንቅላቱ ሙሉ። በ1887 የአይሁድን ምሥጢራዊ ትምህርት፣ ካባላን፣ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳትሟል። ሦስተኛው ሽማግሌው ዶክተር ውድማን ናቸው፤ በ1891 ስላረፉ ከጉዱ ሁሉ ተርፈዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዌስትኮት በምሥጢር ፊደል የተጻፉ ወደ 60 የሚጠጉ ቅጠል ወረቀቶች እጁ ገቡ። ሲፈታቸው የአንድ ምሥጢራዊ ማኅበር ሥርዓት ሆነው አገኛቸው። (ወረቀቶቹ ዛሬም አሉ፤ ብዙ ተመራማሪዎች ኬኔዝ ማኬንዚ የተባለ ሌላ ፍሪሜሰን የጻፋቸው ናቸው ይላሉ።) እስከዚህ ድረስ ክፋት የለውም። ዌስትኮት ግን ታሪኩን ቀጠለበት። ከወረቀቶቹ መካከል አና ሽፕሬንግል የምትባል ጀርመናዊት አድራሻ አገኘሁ፤ ጻፍኩላት፤ እሷም መልሳ ጻፈችልኝ፤ በማይታዩ «ስውራን አለቆች» ሥልጣን እንግሊዝ ውስጥ ቤተ መቅደስ እንድከፍት ፈቀደችልኝ አለ። ፈቃድ! የአስማት ትምህርት ቤት እንኳ ያለ ፈቃድ አይከፈትም። በ1890 ደግሞ ሴትዮዋ መሞቷን የሚያረዳ ደብዳቤ መጣና የመልእክት ልውውጡ በዚያው ተዘጋ። ምንጭ ሲጠየቅ «አርፋለች» ማለት እንዴት እንደሚመች ጋዜጠኝነት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ሰው ታዲያ ለምን አመነ? አንዱ ምክንያት ዘመኑ ይመስለኛል። የዳርዊን መጽሐፍ ከወጣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ የተማረው የለንደን ሰው ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ቢቀንስም የማይታየውን ዓለም መናፈቁን አልተወም። ማዳም ብላቫትስኪ ቴዎሶፊዋን ይዛ በ1887 ለንደን ገብታለች። ሁለተኛው ምክንያት ግን ለእኔ የበለጠ ይመዝናል፤ ትምህርት ቤቱ ለሴቶች እኩል በር ከፍቷል። ካምብሪጅ በዚያን ጊዜ ሴቶችን ያስፈትን ነበር፤ ዲግሪ ግን አይሰጥም። ሙሉ ዲግሪ የሰጣቸው በ1948 ነው። ጎልደን ዶውን ውስጥ ያለፈች ሴት ያለፈ ወንድ የሚያገኘውን ማዕረግ ታገኛለች፤ ታስተምራለች፤ ታስተዳድራለች። በ1896 ገደማ የአባላቱ ቁጥር ከ300 አልፎ ነበር፤ ሲሶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። በኤዲንብራ፣ በብራድፎርድ፣ በዌስተን-ሱፐር-ሜር፣ በኋላም በፓሪስ ቅርንጫፍ ተከፍቷል።

ትምህርቱ ቀልድ አልነበረም። ጀማሪው የዕብራይስጥ ፊደላትን፣ የፕላኔቶችንና የአሥራ ሁለቱን ከዋክብት ምልክቶች፣ የካባላን «የሕይወት ዛፍ» አሥር ቅርንጫፎች በቃሉ አጥንቶ ይፈተናል። አምስቱን የውጭ ደረጃዎች ያለፈ፣ ከተጠራ፣ ከ1892 ጀምሮ ወደ ተደራጀው የውስጥ ማኅበር ይገባል። አስማት የሚባለው እዚያ ነው። ተማሪው በትሩን፣ ጽዋውን፣ ጩቤውንና ሰይፉን ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ ቀለም ቀብቶ ያቀርባል። ባለ ሰባት ግድግዳና ከላይ እስከ ታች በምልክት የተሳለ ልዩ ክፍል ነበራቸው፤ ማዕረግ የሚሰጠው በዚያ ውስጥ ነው።

(በቅንፍ አንድ ነገር። የውስጥ ማኅበሩ ከፍተኛ ትምህርት በ1580ዎቹ ጆን ዲ የተባለ የእንግሊዝ ሊቅ ከመላእክት ተቀበልኩት ያለው ቋንቋና ሰንጠረዥ ነው፤ በሄኖክ ስም «የሄኖክ አስማት» ይሉታል። ሙሉው መጽሐፈ ሄኖክ ግን በግዕዝ፣ እኛ ዘንድ ነበር። ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ የወሰደው በ1773 ነው፤ በ1821 ደግሞ በእንግሊዝኛ ታትሟል። ከዲ ሰንጠረዥ ጋር የሚያገናኘው ከስሙ በቀር ምንም ነገር የለም።)

ተማሪዎቹስ እነማን ነበሩ? የአየርላንዱ ገጣሚ ዬትስ በማርች 1890 ገባ፤ በ1923 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዬትስ ማለቴ ነው። ተዋናይቷ ፍሎረንስ ፋር ገባች። የሻይ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅና ባለ ሀብቷ አኒ ሆርኒማን ገባች። ሠዓሊዋ ሚና በርግሶን ከሁሉም ቀድማ ገብታ በ1890 ማተርስን አገባች፤ ወንድሟ ሄንሪ በርግሶን በኋላ በ1927 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማትን ያገኘው ፈላስፋ ነው። እነዚህ ሰዎች አብረው የሠሩት አስማት ብቻ አልነበረም። ፋር በ1894 ለንደን ላይ የቲያትር ወቅት ስትከፍት ወጪውን በስውር የሸፈነችው ሆርኒማን ናት፤ የዬትስም የበርናርድ ሾውም ተውኔት በዚያ መድረክ ታይቷል። ከአሥር ዓመት በኋላ የደብሊኑ አቢ ቲያትር የተከፈተውም በዚችው ሴት ገንዘብ ነው። ከፎርጅድ ደብዳቤ ይህን ያህል እውነተኛ ነገር ይወጣል ብሎ ማን ይገምታል?

መሰንጠቁ የጀመረው በገንዘብ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው። ማተርስ በ1892 ፓሪስ ሄዶ ተቀመጠና ለንደንን በደብዳቤ ይገዛ ጀመር። ቀለቡን የምትልክለት ሆርኒማን ነበረች። እየቆየ ሲሄድ ሥልጣኔ ከስውራን አለቆች በቀጥታ ነው፣ ትእዛዜ አይጠየቅም ማለት አመጣ። ሆርኒማን በ1896 ድጎማዋን አቋረጠች፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከማኅበሩ አባረራት። በ1897 ዌስትኮትም ለቀቀ። የማኅበሩ ወረቀቶች ጋሪ ታክሲ ላይ ተረስተው ለአለቆቹ ደረሱና «የመንግሥት ሐኪም አስማት አይሠራም» ተባለ ይባላል። የለንደኑ ኃላፊነት ለፍሎረንስ ፋር ተላለፈ።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 1900 መጣ። ማተርስ፣ ፋር ከዌስትኮት ጋር ዶልታ ልትገነጠል ነው ብሎ ጠረጠረና ከፓሪስ ደብዳቤ ላከላት። ዌስትኮት ከስውራን አለቆች ጋር አንድም ቀን ተገናኝቶ አያውቅም፤ የሽፕሬንግልን ደብዳቤዎች ወይ ራሱ ፈጥሯቸዋል ወይ አስፈጥሯቸዋል አላት። እውነተኛው ሥልጣን ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው ማለቱ ነው። እስቲ በፋር ቦታ ሁኑ። አሥር ዓመት ተምራችኋል፤ ተፈትናችኋል፤ ሌሎችን አስተምራችሁ ማዕረግ ሰጥታችኋል። አሁን መሥራቹ የዲግሪያችሁ ማኅተም የሐሰት ነው ይላችኋል፤ ይህን የሚላችሁም ነገሩን ለማፍረስ አይደለም፤ ብቻውን ሊነግሥበት ነው።

ፋር ያደረገችው ነገር በጣም ደስ ይለኛል። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አልቀበረችውም። ለባልደረቦቿ አሳየች፤ ዬትስ ያለበት የሰባት ሰዎች ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ዌስትኮትን ጠየቀ፤ በሕግ ፊት ላረጋግጠው አልችልም፣ ስለዚህ ዝም ብል ይሻለኛል አለ። ማተርስን ማስረጃ አምጣ አለው፤ ለእናንተ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብኝም፣ ኮሚቴውንም በትኜዋለሁ አለ። ማስረጃ መመርመር ሥራው የሆነው ሰው ማስረጃ የለውም፤ ሌባ ሌባ ብሎ የጮኸውም የለውም። ማኅበሩ አሥራ ሁለት ዓመት የቆየው እነዚያ ደብዳቤዎች ሳይመረመሩ ነው።

የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ማተርስ በዚያው የማጋለጫ ደብዳቤው እውነተኛዋ ሽፕሬንግል አልሞተችም፣ እዚህ ፓሪስ ከእኔ ጋር ናት ብሎ ጽፏል። ሴትዮዋ ማዳም ሆሮስ የምትባል አጭበርባሪ ነበረች። የማኅበሩን የሥርዓት ወረቀቶች ይዛበት ጠፋች።

ኤፕሪል ላይ ማተርስ የጦር መልእክተኛ ላከ፤ ከኖቬምበር 1898 ወዲህ አባል የሆነውን የ24 ዓመቱን አሊስተር ክሮውሊን። ለንደኖቹ ክሮውሊን ወደ ውስጥ ማኅበሩ አናስገባም ብለው ነበር፤ ማተርስ ፓሪስ ላይ ማዕረጉን ሰጠው። ክሮውሊ ሃመርስሚዝ፣ ብላይዝ ሮድ ቁጥር 36 የሚገኘውን ባለ ሰባት ግድግዳውን ክፍል ሰብሮ ገባና ቁልፉን ቀየረ። ከሁለት ቀን በኋላ የስኮትላንድ ተራራ ሰዎችን ልብስ ለብሶ፣ ፊቱን በጥቁር ጭምብል ሸፍኖ፣ ጩቤ ታጥቆ ተመልሶ መጣ። አስማተኞቹ እርስ በርስ ምን ተወራወሩ? ምንም። ፖሊስ ተጠራ። የቤቱ ባለቤትና አንድ ኮንስታብል መንገድ ዘጉበት፤ ጭምብሉን እንዳጠለቀ ተመለሰ። ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ክሱ ተቋረጠ፤ 5 ፓውንድ የወጪ ኪሣራ ከፈለ። ማተርስ በበኩሉ ፓሪስ ሆኖ ደረቅ አተር በወንፊት እያንቀጨቀጨ በከዳተኞቹ ላይ አጋንንት ይጠራ ነበር ብሎ በኋላ የተረከው ራሱ ክሮውሊ ነው፤ እመኑም አትመኑም። በዚያው ወር ለንደኖቹ ማተርስን ከማኅበሩ አገዱት።

አምባገነኑ ወረደ፤ ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ባማረ። ሆርኒማን ተመልሳ የጸሐፊነቱን ሥራ ያዘች፤ መዝገብ ገለጠች፤ ፈተናዎች ያለ ሥርዓት እየታለፉ፣ ፋርም የራሷን የምሥጢር ቡድን አቋቁማ አገኘች። ጠቡ አዲስ ሆነ። ዬትስ ከሆርኒማን ጋር ወግኖ ማዕረግና ፈተና ከቀረ ማኅበሩ አንድ ሆኖ አይቆይም የሚል ጽሑፍ በ1901 ለአባላቱ አሳተመ። ድምፅ ሲሰጥ ተሸነፈ፤ ከአመራሩ ወጣ። ከስውራን አለቆች የተረፈው ማኅበር በቃለ ጉባኤ ተበጣበጠ። ፋርን ለመውቀስ ግን ይቸግረኛል። የሁሉም ፈቃድ ሐሰት መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሷ ቡድን ብቻ ለምን ፈቃድ ይጠየቃል?

የመጨረሻውን ምት ያመጣችው ያችው ማዳም ሆሮስ ናት። ከባሏ ጋር ለንደን ገብታ በተሰረቁት ወረቀቶች የራሷን «ማኅበር» አቋቋመች፤ ወጣት ሴቶች ተታለሉ፤ ተደፈሩ። በዲሴምበር 1901 ባል 15 ዓመት፣ ሚስት 7 ዓመት ተፈረደባቸው። የጎልደን ዶውን የመግቢያ መሐላ ችሎት ላይ ተነበበ፤ ጋዜጦች ተቀባበሉት። ጥንዶቹ አባል ሆነው አያውቁም፤ ግን ማን ይሰማል? ብዙዎች ወጡ፤ ፋርም በ1902 ለቀቀች፤ ስሙ ተቀየረ፤ በ1903 የቀሩት ለሁለት ተከፈሉ። ማተርስ በ1918 ፓሪስ ሞተ። ፋር በ1912 የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ልታስተዳድር ሲሎን ሄዳ በ1917 እዚያው አረፈች። ዌስትኮት በ1925 ደርባን ውስጥ ሞተ፤ ስለ ደብዳቤዎቹ ያመነው ነገር የለም። ኤሊክ ሃው የተባለ ተመራማሪ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ደብዳቤዎቹን ሲያስመረምር ጀርመንኛቸው የጀርመን ሰው ጀርመንኛ አለመሆኑ ታወቀ።

ዬትስ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ኮሚቴው ውስጥ ተቀምጦ ሁለቱ መሥራቾች ማስረጃ ሲያጡ አይቷል። ከ1903ቱ ክፍፍል በኋላ ከሁለቱ በአንደኛው፣ «የንጋት ኮከብ» በተባለው ውስጥ ቀረ፤ ሃያ ዓመት ገደማ ተማረ፤ ተፈተነ፤ የማዕረግ ደረጃውንም ወጣ።