ጠለፋ፣ ሕግና የማኅበረሰብ ሞራል

በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ ገጠር አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተደፈረች። ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው «ድፍረት» ፊልም በዚሁ ጉዳይ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሕግ ሞራልን ያስከብር አያስከብር የሚለው ክርክር በሕግ ትምህርት ቤት የሚታወቀው በሁለት እንግሊዛውያን ስም ነው። ዳኛው ዴቭሊን በ1959 እ.ኤ.አ. የጋራ ሞራሉን በሕግ ያልጠበቀ ኅብረተሰብ ይፈርሳል አለ። ሃርት ደግሞ የሚልን መንገድ ተከትሎ፣ ብዙኃኑ ድርጊቱን መጥላታቸው ብቻ ለቅጣት አይበቃም ሲል ተከራከረው።

ዴቭሊንን ወደ አርሲ ብንወስደው ግን የትኛውን ሞራል ሊጠብቅ ነው? ጠላፊንና ቤተሰብን የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ደም እንዳይፈስና ልጅቷም ያለ ባል እንዳትቀር ነው ይላሉ። ይህ የጥቅም ስሌት ነው፤ የልጅቷ ስቃይ ግን ከሒሳቡ ቀርቷል። ካንት ቢሆን ሰውን የእርቅ መክፈያ ማድረግ አይቻልም ባለ ነበር። በዚያው በአርሲ ደግሞ ሲንቄ አለ። እናት ለምታገባ ልጇ የምትሰጣት በትር ናት፤ ሴት ስትበደል ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ወጥተው ካሳ ይጠይቃሉ። ስለዚህ «ባህላችን ነው» የሚል ሰው የግማሹን ማኅበረሰብ ድምፅ ትቶ ነው የሚናገረው።

የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን በአንቀጽ 558 ይከለክል ነበር፤ ይሁንና ተጠላፊዋ ጠላፊዋን ካገባች ክስ አይቀርብም። ይህን የአርሲ ሽማግሌዎች የጻፉት የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ረቂቁ የስዊዘርላንዳዊው የዣን ግራቨን ሥራ ሲሆን፣ ጣሊያንም ተመሳሳይ ድንጋጌዋን የሻረችው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጋብቻውም ከተጠያቂነት አያድነውም። እኔ ይህን ሞራል ማስከበር አልለውም፤ አካሏና ነፃነቷ የተጎዳ ሰው አለች፣ ሚልም ይስማማ ነበር። ሞራል ማስከበር የምለው በዚያው ሕግ በአንቀጽ 652 በትዳር ላይ ማመንዘርን ወንጀል ማድረጉን ነው፤ እሱ ለፍቺ ዳኛ ቢተው እመርጣለሁ።

አንቀጽ 587 በተግባር የሚፈተነው ምስክር ላይ ነው። ሽማግሌዎች ከፖሊስ ቀድመው ከደረሱና ቤተሰቡ ከታረቀ፣ ዓቃቤ ሕግ ችሎት ፊት የሚያቆመው ሰው አያገኝም።