የቀኑ ቍጥርና የምጡ መድኃኒት

በአዲስ አበባ ወይም በደሴ በመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ከሐይቅ ወይም ከአምባሰል ስልክ የሚደወልለት ሰው ከእናንተ መካከል ጥቂት አይደለም። ደዋዩም ታናሽ ወንድም ይሆንና፣ «ጋሼ፣ እኅታችን ቀኗ አልፏል፤ ሐኪሙ ምጡን በመድኃኒት እናስጀምር ይላል፤ እርስዎ የተማሩ ነዎትና ምን ይሉናል?» ይላል። የተማረ የተባለውም ሰው ስለ ደመወዝ መደብና ስለ ደብዳቤ ቍጥር እንጂ ስለ ምጥ የሚያውቀው ነገር ስለሌለው፣ አንድ ጊዜ «እሺ በሉ»፣ ሌላ ጊዜም «እግዚአብሔር በፈቀደው ቀን ትወልዳለች፤ ጠብቁ» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። በዚህች አጭር ቃል ግን የሁለት ነፍስ ጉዳይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ከመልሱ በፊት ምን መጠየቅ እንደሚገባ ከታሪኩ ጀምረን ብንመለከት መልካም ይመስለኛል። ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ምጥን ማስጀመር ከውጭ አገር ሐኪም ጋር የገባ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው አለ፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አያቶቻችን ቀኗ ለደረሰ ሴት ምጡ እንዲቀላት ብለው ተልባ በጥብጠው ያጠጡ ነበር፤ ዛሬም የሚያጠጡ አሉ። ሆዷንም በቅቤ ያሹ ነበር። ደብተራው የሱስንዮስን ጸሎት በብራና ጽፎ ይሰጣት ነበር፤ ይህ ጸሎት ወርዜልያ የምትባለውን ሕፃናት ገዳይ ያርቃል ተብሎ ይታመናልና። በእስልምናው ወገን ደግሞ ሴቶቹ ተሰብስበው ቡና አፍልተው፣ በዱበርቲ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጉላታል። በወሎ እነዚህ ነገሮች በግድግዳ የተለያዩ አይደሉም፤ ምጥ የያዛት ሙስሊም ሴት ማርያምን ስትጠራ መስማት በዚያ አገር ለተወለደ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ይህ ነው፤ አሮጊቶቹ ተልባውን ከመበጥበጣቸው በፊት «ቀኗ ደርሷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞች በዚህ ጥያቄ ላይ የተሻሉ ሆነው አልጀመሩም። በ1808 ዓ.ም. የኒውዮርኩ ሐኪም ጆን ስተርንስ ምጥን የሚያፋጥን ዱቄት ማግኘቱን በደብዳቤ አስታወቀ። ዱቄቱ ኤርጎት ከሚባለውና በእህል ራስ ላይ ከሚበቅለው ጥቁር ሻጋታ የሚሠራ ነበር። በርግጥም ማሕፀንን ያኮማትራል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ካኮማተረ በኋላ ፋታ አይሰጥም፤ ሕፃኑ በመካከሉ ትንፋሽ አጥቶ ይሞታል፤ ማሕፀንም ይቀደዳል። በዚህ ምክንያት በ1824 ዓ.ም. ሌላው የኒውዮርክ ሐኪም ዴቪድ ሆሳክ ዱቄቱ የመውለጃ ሳይሆን የመሞቻ ዱቄት መባል እንደሚገባው ጻፈ። የወሎ ሰው ይህን ሻጋታ በሌላ መንገድ ያውቀዋል። እንደ እኛ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ክፍለ ሀገር ከገብስ ጋር በሚበቅለው ሲናር ላይ ይኸው ሻጋታ ወጥቶ፣ የበሉት ሰዎች እጅና እግራቸው እየጠቈረ እስኪቈረጥ ድረስ ተሠቃይተዋል፤ የሞቱም ብዙ ናቸው።

ከዚህ በኋላ በ1906 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ከአንጎል ሥር ካለችው ትንሽ ዕጢ የሚገኘው ፈሳሽ ማሕፀንን እንደሚያኮማትር አሳየ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ ያንኑ ነገር፣ ኦክሲቶሲንን፣ በቤተ ሙከራ ሠራው፤ በ1955 ዓ.ም.ም የኖቤል ሽልማት አገኘበት። የኦክሲቶሲን ጥቅሙ ኃይለኛነቱ አይደለም፤ ኃይልማ ኤርጎትም ነበረው። ጥቅሙ በጠብታ ተለክቶ የሚሰጥ፣ ነገሩ ሲበዛም ወዲያው የሚቆም መሆኑ ነው። ይህም ማለት ጠብታውን የሚቈጥርና የሕፃኑን የልብ ትርታ የሚያዳምጥ ሰው ከአልጋው አጠገብ ከሌለ ጥቅሙ ቀረ ማለት ነው።

መድኃኒቱ እንዲህ ተገራ። ቀኑ ግን ገና አልተገራም። «ቀኗ አልፏል» ሲባል ያለፈው የማን ቀን ነው? በቤተ ክርስቲያን ከመጋቢት 29 ቀን፣ ከብሥራቱ፣ እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ እስከ ልደቱ፣ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይቈጠራል። አምስቱ ቀን የጳጕሜን ነው። ድምሩ 275 ቀን ይሆናል። ጳጕሜን ስድስት በሆነች ጊዜም ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን የሚውለው ይህ ቍጥር እንዳይዛነፍ ነው። ሰዉም ይህንኑ ወስዶ የማንኛይቱም ሴት እርግዝና ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው ይላል። በጨረቃ የሚቈጥረው ሙስሊም ጎረቤት ዘጠኝ ወር ቢል ግን ዘጠኙ ጨረቃ 266 ቀን ብቻ ነው። ሐኪሙ ደግሞ የጀርመኑን የኔገለን ደንብ ተከትሎ ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ ቀን አንሥቶ 280 ቀን ይላል። ጽንስ የሚያዘው እንደ ልማዱ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ ስለሆነ፣ ከጽንሱ ቢቈጠር ያው 266 ይመጣል። እንግዲህ የጨረቃው ቍጥር ከሐኪሙ ጋር ሲገጥም፣ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀኑ 9 ቀን ይዘገያል። ከጽንሱ ቈጥረው «ገና ዛሬ ሞላት» የሚሏት ሴት በሐኪሙ መዝገብ 41 ሳምንት ከ2 ቀን ሆኗታል። ከሁለቱ አንዱም አልዋሸም፤ መነሻቸው ተለያየ እንጂ።

ከዚህም የሚብስ አለ። ጡት እያጠባች የወር አበባዋ ሳይመለስ የፀነሰች ሴት የምትቈጥርበት መነሻ የላትም። የወሊድ መከላከያ መርፌ ስትወስድ ቈይታ ያቆመችውም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በአልትራሳውንድ የታየች እንደሆነ ቀኑ በጥቂት ቀን ስሕተት ይታወቃል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ከሆነ ግን መሣሪያው ራሱ እስከ ሦስት ሳምንት ሊሳሳት ይችላል። ከአምባሰል ደጋ ወርዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በዘጠነኛው ወር የታየች ሴት ካርድ ላይ የተጻፈው ቀን እንግዲህ ግምት ነው።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? በስዊድን አገር ተደርጎ በ2019 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ ነበር። 2,760 ሴቶችን ለሁለት ከፍለው፣ እኩሌቶቹን በ41ኛው ሳምንት ምጥ አስጀመሩአቸው፤ እኩሌቶቹን እስከ 42ኛው ሳምንት አቈዩአቸው። ከቈዩት 6 ሕፃናት ሞቱ፤ ከተጀመረላቸው አንድም አልሞተም፤ ስለዚህ ምርመራው ከታሰበው በፊት ተቋረጠ። በሌላ በኩል ብዙ ምርመራዎችን አንድ ላይ የመዘኑ ሊቃውንት በ2020 ዓ.ም. እንዳሰሉት፣ የአንድ ሕፃን ሞት ለማስቀረት ለ544 ሴቶች ምጥ ማስጀመር ያስፈልጋል። ይህ አንዱን ሰው «ጥቂት ነው» ሲያሰኘው ሌላውን «አንዱ የእኔ ቢሆንስ?» ያሰኘዋል፤ እኔም ሁለቱን ልነቅፍ አልችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ምክሩን ሲያወጣ 41 ሳምንት መሙላታቸው «በእርግጥ ለታወቀ» ሴቶች ብሎ መወሰኑ ግን ያለ ነገር አይደለም። ቀኑ በሦስት ሳምንት ከተሳሳተ፣ 41 የተባለው 38 ይሆንና ያልደረሰ ሕፃን እናስወጣለን፤ ወይም 40 የተባለው 43 ይሆንና በመጠበቅ እንገድለዋለን።

ከሐይቅ በስተ ሰሜን በአምባሰል ያለችውን ውጫሌን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን በዚያ በተፈረመው ውል በ17ኛው ክፍል፣ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል ሊነጋገሩ «ይቻላቸዋል» የሚል መንፈስ ሲኖረው፣ ኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፤ የዚያ ፍጻሜ ምን እንደሆነ ዐድዋ ይመሰክራል። በሐኪም ቤትም «ይቻላል» እና «ይገባል» እንዲሁ ይቀላቀላሉ። የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ራሷን የሚያማትና ዓይኗ የሚያጥበረብርባት፣ ወይም የእንሽርት ውሃዋ ፈስሶ ትኵሳት የያዛት ሴት ነገር «ይገባል» ነው፤ እዚያ ላይ ክርክር ማንሣት ነፍስ ማጥፋት ነው። ቀኗ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ያለፈ፣ ሕፃኗም ደኅና የሚንቀሳቀስላት ሴት ነገር ግን «ይቻላል» ነው። ስልክ የደወለላችሁ ሰው የሰማው ከሁለቱ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁት።

ቀጥሎም የት እንደሚደረግ ጠይቁ። ጠብታውን የሚከታተል፣ ምጡ እምቢ ቢል በቀዶ ጥገና የሚያዋልድ ሰው ባለበት ይሁን። ቀድሞ በቀዶ ጥገና የወለደች እንደሆነች ይህን አስቀድማ ትንገር፤ ሚሶፕሮስቶል የሚባለው እንክብል የቀድሞ ስፌቷን ሊቀደው ይችላልና። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፤ ከአምባሰል ደጋ ግን የቅሬው ሰዎች በወሳንሳ ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ የሚያወርዷት ሴት አለች። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የደሴው ሆስፒታል በጦርነቱ በተዘረፈ ጊዜ ደግሞ በቅርብ ያለውም ሩቅ ሆኖ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የአገሪቱ ጥናት በጤና ድርጅት የወለዱት ከ100 እናቶች 5 ብቻ ሲሆኑ፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሰዋል፤ ጥያቄው ለብዙ ቤት አዲስ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻም ስልኩን ለራስዋ ለነፍሰ ጡሯ ስጡልኝ በሉ። ሥጋው የእርስዋ ነው፤ ፈቃዱም የእርስዋ ነው፤ ቀኑንም ከማንም ይልቅ የምታውቀው እርስዋ ናት። በቍጥር ባታውቀው እንኳ የመጨረሻ አበባዋን ከግሸን ንግሥ በፊት አይታው እንደሆነ ወይም በኋላ፣ ከረመዳን ጾም መያዣ በፊት ወይም በኋላ፣ ታውቀዋለች። በግሸን ዕለት፣ መስከረም 21 ቀን፣ አይታው እንደሆነ ቀኗ የሚሞላው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ 41ኛው ሳምንቷም ሐምሌ 8 ቀን ይሞላል። ሐምሌ ደግሞ ጭቃ ነው። ስለዚህ ምጥ ለማስጀመር ትፈቅድ አትፈቅድ ገና ሳይቈረጥ፣ በሰኔ መጨረሻ ከደጋው ወርዳ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ እንድትሰነብት መንገዱንና ስንቁን አዘጋጁላት።