ሳይንሳዊ አስተሳሰብ በመኖሪያ ቤት ክፍሎች አደረጃጀት፦ የሸጎሌ ተዳፋት እንደ ማሳያ

በሥነ ሕንፃ ንድፍ የቦታ አደረጃጀት ማለት መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ማዕድ ቤት፣ መጸዳጃና ግቢ የትና ወደየት አቅጣጫ እንደሚሆኑ የሚወሰንበት ሥራ ነው። ሳይንሳዊ አስተሳሰብ ይህ ውሳኔ በልማድ ሳይሆን በተለካ መረጃ ላይ እንዲመሠረት ያደርጋል። በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራራ በታች የሚገኘው ተዳፋታማው ሸጎሌ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

1. ፀሐይ
አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ አጋማሽ በስተደቡብ በ58 ዲግሪ፣ በሰኔ አጋማሽ በስተሰሜን በ76 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ትሆናለች። የበጋ ሌሊት ብርድ በሚጠናበት በዚህ ከፍተኛ ስፍራ የመኝታ ቤትና የሳሎን መስኮቶች ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ቢከፈቱ ሙቀት ያለ ተጨማሪ ወጪ ይገኛል። ዕቃ ቤትና መጸዳጃ በሰሜን በኩል ሊሆኑ ይችላሉ።

2. ተዳፋት
10 በመቶ በሚያዘነብል መሬት ላይ፣ 10 ሜትር ቁልቁል የሚዘልቅ ቤት በሁለቱ ጫፎቹ መካከል የ1 ሜትር የከፍታ ልዩነት ይኖረዋል። ክፍሎቹን 50 ሴንቲ ሜትር በሚበላለጡ ሁለት ወለሎች መደልደል ቁፋሮን ይቀንሳል። አፈሩ ግንቡን የሚገፋበት ጠቅላላ ኃይል ከግንቡ ቁመት ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ የድጋፍ ግንቡ ቁመት በግማሽ ሲቀንስ የሚሸከመው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል።

3. የዝናብ ውኃ
በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1,000 ሊትር ውኃ ይወርዳል። ከዚህ ሌላ ከዳገቱ የሚመጣ ጎርፍ አለ። በመሆኑም ከቤቱ በላይ ቦይ ማበጀት፣ የጎርፍ መውረጃን አለመዝጋትና ውኃውን ወደ ጎረቤት ግቢ አለመልቀቅ ያስፈልጋል።

4. ጭስ
ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሕይወትንም ያጠፋል። ማዕድ ቤት በቀጥታ ወደ መኝታ ቤት መከፈት የለበትም፤ ትይዩ የአየር መውጫዎችም ሊኖሩት ይገባል።

ባለይዞታዎች ንድፍ ከማሠራታቸው በፊት የይዞታቸውን ተዳፋት እንዲያስለኩ፣ ጥላው በጠዋት፣ በቀትርና በማታ የሚያርፍበትን እንዲሁም የክረምት ጎርፍ የሚያልፍበትን እንዲመዘግቡና መረጃውን ለአርክቴክቱ እንዲሰጡ ይመከራል። ንድፉ ሲቀርብላቸውም እያንዳንዱ ክፍል በዚያ ስፍራ የሆነበትን ምክንያት መጠየቅ ይገባቸዋል። በወረቀት ላይ በእርሳስ የሚዛወር ግድግዳ፣ ከተሠራ በኋላ በማፍረስ ብቻ ይታረማልና።