ክኒኑና ማዕዱ

ብዙዎቻችን መድኃኒትን አንድ ወገን፣ ምግብን ሌላ ወገን አድርገን ነው የምናስበው። ክኒኑ ከፋርማሲ፣ እንጀራው ከሌማት። ሆድ ግን ይህን ልዩነት መች ያውቃል! ድባቴ ለሚባለው የመንፈስ ጨለማ የተገኘው መድኃኒት ታሪክ ከመነሻው የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በሳንባ ነቀርሳ ነው። በ1952 ኒው ዮርክ፣ ስታተን ደሴት ላይ በነበረው የሲ ቪው ሆስፒታል አይሶኒያዚድና አይፕሮኒያዚድ የተባሉ ሁለት አዳዲስ መድኃኒቶች ይሞከሩ ነበር። ታዲያ ሞታቸውን ሲጠብቁ የነበሩ በሽተኞች ምግብ አምጡ አሉ፤ ሳቁ፤ እስከ መጨፈርም ደረሱ። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ናታን ክላይን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አይፕሮኒያዚድን ሳንባቸው ደኅና ለሆነ፣ መንፈሳቸው ግን ለጨለመባቸው ሰዎች ሰጠ። በ1957 ውጤቱን ይፋ ሲያደርግ ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ 400,000 ያህል ሰዎች ወሰዱት ይባላል።

ደስታው ግን ያለ ዕዳ አልመጣም። አይሶኒያዚድ የሚውጡ አንዳንድ በሽተኞች እጅ እግራቸው ይደነዝዝ፣ ያቃጥላቸው ጀመር። ምክንያቱ በ1954 ተገለጠ፤ ለካስ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ካለው ቪታሚን ቢ6 ጋር እየተጣበቀ በሽንት ይዞት ይወጣ ኖሯል! ነርቭ ደግሞ ያለ ቢ6 በወጉ አይሠራም። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ቪታሚኑን አብሮ መስጠት። በአገራችንም አይሶኒያዚድ ለሚወስድ ሰው ቢ6 የሚታከልለት በዚሁ ምክንያት ነው። የአይፕሮኒያዚድ ዘመድ የሆነው ፌኔልዚን የተባለው የድባቴ መድኃኒትም ቢ6ን እንደሚያጎድል ከጊዜ በኋላ ታውቋል።

ቀጥሎ የመጣው የፎርማጆ ጉዳይ ነው። የእነዚህ የድባቴ መድኃኒቶች ተጠቃሚዎች አንዳንዶቹን ድንገት ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል፤ የደም ግፊታቸው ያሻቅባል፤ የሞቱም ነበሩ። አንድ እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ ሚስቱ ፎርማጆ ስትበላ ራሷን እንደሚያማት አስተውሎ ጻፈ። መጀመሪያ ተሳቀበት። በለንደኑ የሞድስሊ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ወጣቱ ሐኪም ባሪ ብላክዌል ግን ነገሩን ተከታትሎ በ1963 አሳተመ። የከረመ ፎርማጆ ውስጥ ታይራሚን የሚባል ነገር አለ። አንጀትና ጉበት እንደ ዘበኛ ሆነው ያግዱታል፤ መድኃኒቱ ግን ዘበኛውን ያስተኛዋል።

በዚሁ ዘመን ቪታሚን በብዛት ከተዋጠ አእምሮን ይፈውሳል የሚል ወገን ተነሣ። የሁለት ኖቤል ሽልማት ባለቤት የነበረው ሊነስ ፓውሊንግ በ1968 ይህንን ሐሳብ ደግፎ ጻፈ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ያቋቋመው ቡድን ግን በ1973 አቤቱታውን መርምሮ በቂ ማስረጃ የለውም አለ። በ1983 ደግሞ ቢ6ን በቀን በግራም እየለኩ የዋጡ 7 ሰዎች ነርቫቸው ተጎድቶ መራመድ እንደ ቸገራቸው ተጻፈ። ልብ በሉ፤ ሲጎድል ነርቭ የሚያደነዝዘው ያው ቪታሚን ሲበዛም ያደነዝዛል!

በልኩ ሲሆንስ? በ2000 በእንግሊዝ አገር 127 የድባቴ ሕሙማን በተካፈሉበት ጥናት፣ ፍሉኦክሰቲን ከተባለው መድኃኒት ጋር በቀን 500 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የታከለላቸው ሴቶች ካልታከለላቸው ይልቅ ተሽሏቸው ተገኝቷል፤ በወንዶቹ ላይ ግን ይህ ጥቅም በግልጽ አልታየም። ቪታሚኑ መድኃኒቱን አገዘ እንጂ አልተካውም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? በየቤቱ ድባቴ የያዘው ወንድም ወይም እኅት አይጠፋም። አንዱ ዘመድ «ክኒኑን ተወው፣ ቪታሚን ይበቃሃል» ይለዋል። አንዱ ሐኪም ደግሞ ምን እንደሚበላ፣ ሌላ ምን እንደሚውጥ ሳይጠይቅ ወረቀት ጽፎ ይሸኘዋል። አንደኛው ክኒኑን፣ ሁለተኛው ማዕዱን ረሳ፤ በሁለቱም መካከል የሚጎዳው በሽተኛው ነው። ስለዚህ ባንጠየቅም እንናገር፤ የምንውጠውን ሁሉ፣ ቪታሚኑንም ጭምር። የፎርማጆውን ምስጢር ቀድሞ ያየው እኮ ላቦራቶሪ አልነበረም፤ ሚስቱ የምትበላውን ልብ ያለ ባል ነበር።