ከትንሽ ፊልም ትልቅ ፎቶ

እኛ ወጣቶች በስልካችን በአንድ ቀን መቶ ፎቶ አንስተን ማታውኑ እንረሳዋለን። ድሮ ግን ፎቶ ማንሳት ጉልበትም ትዕግሥትም ይጠይቅ ነበር። ይህን የቀየረውን ሰው እስቲ እናስተዋውቃችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኦስካር ባርናክ በ1879 ጀርመን አገር ተወለደ። በ1911 ቬትስላር በምትባል ከተማ፣ ማይክሮስኮፕ በሚሠራው የላይትስ ፋብሪካ በመካኒክነት ተቀጠረ። ፎቶ ማንሳት እንጀራው ሳይሆን ፍቅሩ ነበር። ነገር ግን አስም ነበረበት፤ የዚያን ጊዜ ካሜራ ደግሞ ከነመስታወቱ ከነእግሩ ከባድ ሸክም ነው። ስለዚህ በትንሽ ፊልም አንስቶ ኋላ ወረቀት ላይ ማጉላት ይሻላል አለ። በ1914 ገደማ በሲኒማ ፊልም የምትሠራ፣ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ካሜራ ሠራ። ምስሏ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። በ1925 «ላይካ» ተብላ ለገበያ ወጣች።

ግማሹ ሥራ ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ወላጆቻችን «ፎቶ ማሳጠብ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ፊልሙ በድፍን ጨለማ ይታጠባል። ወረቀቱን ቀይ መብራት አይጎዳውም። ማጉያው መሣሪያ ብርሃኑን በፊልሙ አሳልፎ ወረቀቱ ላይ ይጥላል። ወረቀቱ ባዶ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ኬሚካል ውስጥ ሲነከር ግን ምስሉ ቀስ እያለ ብቅ ይላል። ሁለተኛው ያንን ሥራ ያቆመዋል፤ ሦስተኛው ምስሉ ብርሃን ሲያገኝ እንዳይጠቁር ያጸናዋል። መጨረሻ ላይ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። በደንብ ካልታጠበ ከዓመታት በኋላ ይበልዛል።

የዚህ ፋብሪካ ታሪክ እኛን አይሁዶችን በሌላም በኩል ይነካናል። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ፣ የፋብሪካው ባለቤት ኤርንስት ላይትስ አይሁድ ወጣቶችን ሥራ እያስተማረ፣ ሌሎችንም ሠራተኞች ጨምሮ ወደ ኒው ዮርክና ወደ ሌላ አገር ይልክ ጀመር። በ1939 ጦርነቱ ድንበሩን እስኪዘጋው ድረስ ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ወጣ። ልጁ ኤልዚም አንዲት አይሁዳዊት ወደ ስዊዘርላንድ እንድታመልጥ በመርዳቷ በ1943 ታሰረች። እውነቱን ሙሉውን ለመናገር፣ ያው ፋብሪካ በጦርነቱ ጊዜ ለጀርመን ጦር ዕቃ ያመርት ነበር፤ በግዳጅ የመጡ ሠራተኞችም ነበሩበት። ታሪክ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚነገረው። ላይትስ ግን ስላዳናቸው ሰዎች በሕይወት ሳለ በአደባባይ አላወራም።

ይህን የጻፍነው ለካሜራ ፍቅር ብቻ ብለን አይደለም። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ በሱዳን በረሃ በእግራቸው ሲመጡ ፎቶ ይዘው አልወጡም። ቤት ውስጥ የተረፈች አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካለች ትልቅ ሀብት ናት። ፊልሟ ካለ ደግሞ ዛሬም እንደ አዲስ ማተም ይቻላል፤ ስለዚህ አትጣሉት። ምስሉን ወረቀቱ ያቆየዋል፤ ስሙን ግን የሚያውቁት ሽማግሌዎቻችን ናቸው። አባባንና እማማን ጠይቁ፤ ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሳ፣ ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጻፉ። ዛሬ ካልጠየቅን ነገ የሚነግረን አይኖርም።