ፍጥነትን በመስመር የሣሉ ሰዎች

በ1350ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፓሪሱ ናቫር ኮሌጅ ኃላፊ የነበረው ኒኮል ኦሬም ከእሱ በፊት እምብዛም ያልተሞከረ ነገር አደረገ። በዓይን የማይታየውን ፍጥነት በመስመር ሣለው።

አሣሣሉ ቀላል ነው። መጀመሪያ አንድ አግድም መስመር አሰመረ፤ ይህ ጊዜን ይወክላል። ከዚያ በእያንዳንዱ ቅጽበት ላይ የፍጥነቱን መጠን የሚያህል መስመር ወደ ላይ አቆመ። ፍጥነቱ የማይለዋወጥ ከሆነ የቆሙት መስመሮች ሁሉ እኩል ስለሚሆኑ አራት ማዕዘን ይወጣል። ከዜሮ ተነሥቶ በእኩል መጠን እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። የኦሬም ትልቁ ግኝት የቅርጹ ስፋት የተሄደውን ርቀት እንደሚያመለክት መረዳቱ ነው። በዛሬው አነጋገር፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ 3 ሰዓት የተጓዘ መኪና የሚሠራው አራት ማዕዘን ቁመቱ 40፣ ወርዱ 3 ነው፤ ስፋቱ 120፣ ማለትም የተጓዘው ርቀት ነው።

የኦክስፎርዱ መርተን ኮሌጅ ሊቃውንት ከጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው አንድ ነገር ደርሰውበት ነበር። ፍጥነቱን ከዜሮ ጀምሮ በእኩል መጠን የሚጨምር አካል፣ የመጨረሻ ፍጥነቱን ግማሽ ይዞ ሳይለዋወጥ ከሚጓዝ አካል ጋር በእኩል ጊዜ እኩል ርቀት ይሄዳል። እነሱ በረጅም ሙግት ያረጋገጡትን ኦሬም በሥዕል አሳየው፤ የሦስት ማዕዘኑ ስፋት ግማሽ ቁመት ካለው አራት ማዕዘን ስፋት ጋር እኩል ነውና።

ይሁን እንጂ ኦሬም የለካው ነገር አልነበረም። ሥዕሉ የሐሳብ ሥዕል ነበር። በኋላ ለንጉሥ ቻርልስ 5ኛ የአርስጣጣሊስን መጻሕፍት ወደ ፈረንሳይኛ ተረጎመ፣ በ1377 የሊዝዬ ጳጳስ ሆነ፣ በ1382 ዐረፈ።

መለካቱ የጋሊሊዮ ድርሻ ሆነ። የናስ ኳስ በተዳፋት እንጨት ላይ፣ ለስላሳ ብራና በተለጠፈበት ቦይ ውስጥ እየለቀቀ ጊዜውን በውኃ ለካ። ከትልቅ ዕቃ በቀጭን ቱቦ የሚወርደውን ውኃ ኳሱ እስኪደርስ ድረስ በብርጭቆ ይቀበልና በሚዛን ይመዝነዋል፤ የውኃው ክብደት የጊዜው መጠን ነበር። በተዳፋቱ ላይ ኳሱ እየፈጠነ ይወርዳል። መሰናክል በሌለበት አግድም ሜዳ ላይ ግን ፍጥነቱን ሳይለውጥ እንደሚቀጥል ጋሊሊዮ አስረዳ።

በ1638 በላይደን በታተመው መጽሐፉ የወጥ እንቅስቃሴን ትርጉም ሲሰጥ አንድ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ አስገብቷል፤ እኩል ጊዜዎቹ ምንም ያህል ቢያጥሩ እንኳ የሚሄደው ርቀት እኩል መሆን አለበት። በየሰዓቱ 60 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ ግን በየመካከሉ 10 ደቂቃ ለቡና የሚቆም አውቶቡስ በሰዓት ሲቆጠር ወጥ ይመስላል፤ በደቂቃ ሲቆጠር ግን አይደለም።

ያም ሆኖ ጋሊሊዮ ርቀትን ለጊዜ አላካፈለም። ከግሪኮች በወረሰው የሂሳብ ሥርዓት ውድር የሚኖረው በአንድ ዓይነት ነገሮች መካከል ብቻ ነው፤ ርቀት ከርቀት፣ ጊዜ ከጊዜ ጋር ይነጻጸራል። 120 ኪሎ ሜትርን ለ3 ሰዓት ማካፈል ትርጉም የሌለው ሥራ ነበር። ፍጥነትን ርቀት ሲካፈል ለጊዜ አድርጎ መጻፍ የተለመደው በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ እንደ ፈረንሳዊው ፒየር ቫሪኞን ያሉ ሰዎች አዲሱን የካልኩለስ ስልት ለእንቅስቃሴ ጥናት ካዋሉት ወዲህ ነው።

ሥዕሉና ልኬቱ በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኝተው ለዕለት ሥራ የዋሉት ባቡር ከመጣ በኋላ ነው። ሐኪሙ ኤትየን ዡል ማሬ በግራፍ ጥናት ላይ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ኢብሪ የተባለው መሐንዲስ ያዘጋጀው የፓሪስ–ሊዮን የባቡር ሰሌዳ ይገኛል። ጣቢያዎቹ እንደ ርቀታቸው ከላይ ወደ ታች፣ ሰዓቶቹ ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ባቡር አንድ ያዘመመ መስመር ነው። መስመሩ ይበልጥ በቆመ ቁጥር ባቡሩ ፈጣን ነው። አግድም ከሆነ ጣቢያ ላይ ቆሟል። ሁለት መስመሮች የሚቋረጡበት ነጥብ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉበትን ቦታና ሰዓት ይነግራል። እንደ አሮጌው 784 ኪሎ ሜትር የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ባለ አንድ ሐዲድ በሆነ መንገድ ላይ ያ ነጥብ ጣቢያ ላይ ካልዋለ ግጭት ነው። እዚህ ላይ ግራፍ የሰው ሕይወት ይጠብቃል።

ከዚህ መስመር ፍጥነትን ማስላትም ቀላል ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 30ኛው፣ 5 ሰዓት ላይ 150ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የነበረ ባቡር በ3 ሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ ሳይለዋወጥ ከተጓዘ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው። የመስመሩ ተዳፋት የሚባለው ይኸው ቁጥር ነው።

ቀመሩን ብቻ ሸምድዶ የሚወጣ ተማሪ የዚህን ቅርስ ግማሽ ብቻ ነው የሚወስደው። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ምልክት ይደረግ፤ አንዱ ተማሪ ይራመድ፣ ሌላው በስልክ ሰዓቱን ይያዝ፣ ሦስተኛው ነጥቦቹን ይሣል። ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ከተሰለፉ እርምጃው ወጥ ነበር፤ ከጎበጡ የት ላይ እንደተለወጠ ልጆቹ ራሳቸው ያሳያሉ። የኦሬም ሥዕልና የጋሊሊዮ ልኬት ለመገናኘት ብዙ መቶ ዓመታት ወስደዋል፤ ለልጆቻችን ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ ልናገናኛቸው እንችላለን።