ሊማሊሞን ከወጡ በኋላ፦ የስትሮክ ሕክምና ጥራት ከአዲ አርቃይ ሲታይ

በስትሮክ ላይ የሚደረገው ምሁራዊ ክርክር ብዙውን ጊዜ የሰዓት ክርክር ነው። የረጋ ደምን የሚያሟሟው መድኃኒት ሕመሙ በጀመረ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የታተመ ጥናት አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የአውሮፓ ጥናት ጊዜውን ወደ አራት ሰዓት ተኩል አራዘመው። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ግን የአንጎል የደም ሥር የተዘጋ እንጂ የፈነዳ አለመሆኑን በሲቲ ስካን ማረጋገጥ ግድ ነው። ፈንድቶ ከሆነ ያው መድኃኒት ሊገድል ይችላል።

በዚህ ሚዛን ብቻ ከተለካ በሰሜን ጎንደር የአዲ አርቃይ ወረዳ ገበሬ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ተሸንፏል። ከቀበሌው እስከ መኪና መንገድ ጎረቤት በወሳንሳ ይሸከመዋል። ከዚያ ዛሪማን አልፎ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከደባርቅ ጎንደር ገና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ሌሊት ተኝቶ ሳለ ስትሮክ የጣለው ሰው ደግሞ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት እንኳ አይታወቅም። መንገዱም አምቡላንሱም መሻሻል አለባቸው። ሆኖም የጥራት ጥያቄ በአራት ሰዓት ተኩል አያበቃም፤ አብዛኛው ሕመምተኛ የሚድነው ወይም የሚጎዳው ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትና ወራት ነው።

ለዚህ ጥሩው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ 19 የስትሮክ ክፍሎች የተሳተፉበት ሲሆን በግማሾቹ ነርሶች ሦስት ነገር በሥርዓት እንዲከታተሉ ተደረገ፦ ትኩሳት፣ የደም ስኳርና የመዋጥ ችሎታ። ከ90 ቀን በኋላ የሞቱት ወይም የሰው እጅ ጠባቂ የሆኑት ከ58 በመቶ ወደ 42 በመቶ ዝቅ ብለው ተገኙ። ቴርሞሜትር፣ የስኳር መለኪያና በማንኪያ ውኃ ሰጥቶ ትንታን የሚያስተውል ነርስ ከደባርቅ ሆስፒታል አቅም በላይ አይደሉም። በእኛ አገር ግን አስታማሚ ዘመድ፣ ልቡ ስለማይችል፣ ገና መዋጥ ለማይችል ሰው አጥሚት ያጎርሳል፤ አጥሚቱ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ከስትሮኩ የተረፈው በሳንባ ምች ይሞታል። ይህን ሞት ማስቀረት የሚቻል መሆኑ ነው የሚያንገበግበው።

ወደ ቤት ሲመለስስ? ሸክሙ በሚስትና በሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። በሽተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ የደነደነውን ክንድ ማፍታታት፣ ንግግሩ የጠፋበትን አባት ዓይን አይቶ ፍላጎቱን መረዳት ሥራቸው ይሆናል። ቤተሰብን አሠልጥኖ ማሰናበት መፍትሔ ይመስላል፤ እኔም ሐሳቡ ይማርከኛል። ነገር ግን በሕንድ 14 ሆስፒታሎች በ1,250 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ ሲወጣ፣ ከስድስት ወር በኋላ ከተለመደው እንክብካቤ የተለየ ጥቅም አላሳየም። ስለዚህ ቤተሰብ ለባለሙያ ምትክ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ሸክሙም ለዓመታት ሊዘልቅ ይችላል፤ አጼ ምኒልክ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከመታቸው ከባድ ስትሮክ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሽባ ሆነው ኖረዋል። የውጭ ሐኪምም የቤተ መንግሥት አስታማሚም ነበራቸው። ያ ሁሉ ያልነበራት ቤት ብቻዋን አራት ዓመት ልትሸከም አይገባም።

ጎንደር ለዚህ ድጋፍ ባዶ እጇን አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ፊዚዮቴራፒስት ያሠለጥናል፤ ማኅበረሰብ ተኮር የተሃድሶ ፕሮግራምም አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከቤት ወደ ቤት ይዘልቃሉ፤ ከእናቶችና ከሕፃናት ክትትላቸው ጎን በስትሮክ የተመታ ሰው ቤት መግባት ቢጨመርላቸው ሥልጠናና ጊዜ አብሮ ይሰጣቸው።

የደም ግፊት ኪኒን ደግሞ የሁሉም መሠረት ነው። በ32 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አብዛኛውን ስትሮክ ሊታረሙ ከሚችሉ አሥር ምክንያቶች ጋር አያይዞታል፤ ትልቁን ድርሻ የያዘው የደም ግፊት ነው። አንድ ጊዜ የተመታ ሰው ኪኒኑን «ተሻለኝ» ብሎ ሲተው ለሁለተኛው ይጋለጣል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት አዲ አርቃይ ሲደርስ በየወሩ ኪኒን የሚቀበለው ሰው ክትትሉን ይዞ መሰደድ አልቻለም። የዋልድባ ገዳም ቅርብ በሆነበት በዚህ አካባቢ ጸበልና ኪኒን መነጣጠል የለባቸውም። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለግፊትም ይኸው ቃል ከቤተ ክርስቲያን መምህራን አንደበት ቢሰማ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል።

ከጎንደር ሆስፒታል የሚወጣ ሕመምተኛ በእጁ የሚይዘው ወረቀት በአማርኛም ሊጻፍ ይገባል፦ የተዘጋ ወይም የፈነዳ መሆኑ፣ አስፒሪን ይወሰድ ወይም አይወሰድ፣ የግፊቱ ልክ፣ በምን መልክ እንደሚመገብ፣ የሚቀጥለው የፊዚዮቴራፒ ቀን፣ የአዲ አርቃይ ጤና ጣቢያ ማን እንደሚጠብቀው። ቅጂው ለጤና ጣቢያው መላኩን የሚያረጋግጥ ኃላፊ ከሆስፒታሉ ይመደብ።